የአፕል ትል ላይ ቫይረስ ረጨሁ፤ ትሉ ግን አሁንም አለ። ምን አጠፋሁ?

የጓሮ ገበሬ · እሁድ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ከሲያትል ወረድ ብሎ ሬንተን ነው። ቤቱን ስንገዛ ጓሮው ውስጥ ሁለት ያረጁ የአፕል ዛፎች ነበሩ። ሚያዝያ ላይ አበባቸውን ሳይ የእርሻ ባለቤት የሆንኩ መሰለኝ። አምና ለእንቁጣጣሽ እንግዶች ጠርተን፣ "የራሳችን ዛፍ ፍሬ ነው" ብዬ እየተኩራራሁ ቆርጬ አቀረብኩ። ከሳህኑ ላይ ትል ተነስቶ መሄድ ጀመረ። አክስቴ ነበረች ያየችው፤ ዝም ብላ በናፕኪን ሸፈነችልኝ።

ኬሚካል መርጨት አልፈለግኩም። ልጆች አሉ፣ ጎረቤቴ ደግሞ ንብ ያረባል። ሳፈላልግ የነፍሳት ቫይረስ የሚባል ነገር አገኘሁ። ኮድሊንግ ሞዝ የምትባለውን የእሳት እራት ትል ብቻ አሳምሞ ይገድላል ይላል። ጠርሙሷ ትንሽ ናት፣ ዋጋዋ ግን ትንሽ አይደለም። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ ስለሚል ከቅቤው አጠገብ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያነበበች ቀን የሆነውን ሌላ ጊዜ አወራለሁ።

ዘንድሮ አራት ጊዜ ረጨሁ። አንዴ አበባው እንደፈካ፣ ሁለቴ ጁን ላይ፣ አንዴ ጁላይ መጨረሻ። ሁሌም ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ። ሥራ የማልገባው ያን ቀን ነው። አሁን ፍሬው ደርሷል፤ ስቆርጠው ትል አለ። ተበላሁ ወይስ የሆነ ነገር አጥፍቻለሁ?

ማር ወለላ · እሁድ ማታ

ቫይረስ በገንዘብህ ገዛህ? እኛ ስንት ዓመት በነፃ ሲሰጠን አማረርን 😂

እናት ዓለም · ሰኞ ጠዋት

ቀልዱን ትተን፣ ይሄ ነገር ለልጆች ደህና ነው? ቫይረስ የተረጨ አፕል ለልጄ በምሳ ዕቃ ላድርግላት እንዴ? ይቅርታ፣ እኔ ሐሳቡ ራሱ ይከብደኛል።

አባ ጨንጓሬ · ሰኞ ማታ

እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት ያኪማ ነኝ፣ አፕል እርሻ ውስጥ ነው የምሠራው። አገር ቤትም የተማርኩት እጽዋት ጥበቃ ነው። ስለዚህ ትንሽ ባስረዝም አትቆጡ።

እህቴ እናት ዓለም፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። ይሄኛው ባኩሎቫይረስ ከሚባሉት ወገን ነው። እነሱ የሚይዙት ነፍሳትን ነው፤ ሰው ውስጥም ከብት ውስጥም አይራቡም። ይሄኛው ደግሞ ከነፍሳትም መርጦ ኮድሊንግ ሞዝንና ጥቂት የቅርብ ዘመዶቿን ብቻ ነው የሚገድለው። ንብ ብትቀምሰው ምንም አትሆንም። ደግሞ ሳናውቀው ስንበላው ኖረናል። በ1970ዎቹ እዚህ አሜሪካ ከሱቅ የተገዛ ጥቅል ጎመን ሲመረመር፣ የጎመን ትል ቫይረስ ሞልቶበት ተገኝቷል። ማንም አልረጨውም። ትሉ ማሳው ላይ ታሞ ሲሞት የተወው ነው። ለልጅሽ አጥበሽ ስጪያት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቫይረስ በፕሮቲን ቅንጣት ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ቅንጣቷ በዓይን አትታይም። አንድ ሄክታር ላይ እስከ 10 ትሪሊዮን ይረጫል ስልህ መጠኗን ገምት። ትሏ ቅጠሉን ወይም የፍሬውን ቆዳ ስትግጥ ቅንጣቷን አብራ ትውጣለች። የእኛ ጨጓራ አሲድ ነው። የአባጨንጓሬ አንጀት ግን የዚያ ተቃራኒ ነው፣ እንደ አመድ ውሃ። ሽፋኑ እዚያ ሲደርስ ይሟሟል። ቫይረሱ ይለቀቅና አንጀቷን አልፎ ስቧ ውስጥ ይራባል። ገና የተፈለፈለች ከሆነች በጥቂት ቀን ትሞታለች፤ አደግ ያለች ከሆነች ሳምንትና ከዚያ በላይ ትቆያለች። መጨረሻ ላይ ሰውነቷ ይልማል፣ ቆዳዋ ይቀደዳል፣ ውስጧ ወተት መስሎ ይፈስሳል። ፈሳሹ ራሱ ቫይረስ ነው።

ልብ በል የጓሮ ገበሬ፣ መበላት አለበት። ትሏ ላይ ስላረፈ ብቻ ምንም አይሠራም።

ያንተ ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። የኮድሊንግ ሞዝ እንቁላል እንደ ትንሽ የዓሣ ቅርፊት ነው፤ ጠፍጣፋ፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ፣ ፍሬው ላይ ወይም አጠገቡ ያለ ቅጠል ላይ የተለጠፈ። ትሏ ስትፈለፈል ፍሬ ፍለጋ ትዞራለች። ያ ዙረት በሰዓታት የሚያልቅ ነው። ከዚያ በስታ ትገባለች፣ በቀጥታ ወደ ዘሩ። አንዴ ከገባች ውጭ ያፈሰስከው ገንዘብ ለእሷ ወሬ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ እንቁላሉ ሊፈለፈል ሲል ፍሬው ላይ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

አንተ ግን አበባ ላይ ረጨህ። ያኔ እንኳን ትል፣ እንቁላልም የለም። ሁለተኛ፣ እኩለ ቀን ላይ ረጨህ። ለዚህ ቫይረስ የፀሐይ ጨረርን የመሰለ ጠላት የለውም። ጠራራ ፀሐይ ላይ በጥቂት ቀን ውስጥ አብዛኛው ኃይሉ ያልቃል። እኛ የምንረጨው ጀምበር ስትጠልቅ ነው፤ ሰማዩ ከዳመነማ ይበልጥ ደስ ይለናል። ሦስተኛ፣ ትሎቹ ሲፈለፈሉ ለሳምንታት ነው የሚቆዩት፤ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከአሥር ቀን በኋላ። አንድ ርጭት ሁሉንም አያገኝም። በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ መደጋገም አለበት።

የጓሮ ገበሬ · ሰኞ ሌሊት

ኧረ ወንድሜ፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ይህን ያህል አልነገረኝም። ግን መቼ እንደሚፈለፈል በምን ላውቅ? ዛፉ ሥር ላድር?

አባ ጨንጓሬ · ማክሰኞ ጠዋት

ማደር አያስፈልግም 😄 እኛ ሙቀት እንቆጥራለን። መጀመሪያ የፌሮሞን ወጥመድ ትሰቅላለህ። የሴቷን ጠረን አስመስሎ ወንዱን የሚጠራ ነው። ወንዶቹ መግባት የጀመሩበትን ቀን ትጽፋለህ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ደምረህ ለሁለት ታካፍላለህ፣ ከውጤቱ 50 ፋራናይት ትቀንሳለህ። ለምሳሌ ከፍተኛው 70፣ ዝቅተኛው 50 ከሆነ አማካዩ 60 ነው፤ የዚያ ቀን ድርሻ 10። ድምሩ 250 ሲሞላ መፈልፈል ይጀምራል። እንዲህ ያለ ቀን 25 ጊዜ ማለት ነው። እናንተ ጋ ፀደዩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይዘገያል፣ እኛ ጋ ይፈጥናል። ለዚህ ነው "ጁን 1 ቀን እርጭ" የሚል ምክር የማይሠራው። ቁጥሩ ከደከመህ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ የተሰላ ታገኛለህ።

ሁለተኛው ትውልድ ጁላይና ኦገስት ላይ ይመጣል። ያንተ የጁላይ ርጭት ምናልባት እዚያ ላይ ረድቶህ ይሆናል።

ከባደን · ማክሰኞ ከሰዓት

ከጀርመን ሰላም። እኔ ደግሞ ከሌላ ጎን ልምጣ፣ ምክንያቱም እኛ እዚህ ተቃጥለናል።

ኦርጋኒክ አፕል እርሻ ውስጥ ስሠራ ስምንተኛ ዓመቴ ነው። አሮጌዎቹ ሠራተኞች ስለዚህ ቫይረስ ሲያወሩ እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ጓደኛ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ይሸጣል። ኦርጋኒክ ገበሬ ሌላ ብዙ አማራጭ ስለሌለው በየዓመቱ ያንኑ ነበር የሚረጨው። ከዚያ አንዳንድ እርሻዎች ውስጥ ትሉ መሞት አቆመ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ራሳቸውን ጠረጠሩ፤ ልክ እንዳንተ። በ2005 ጉዳዩ በጥናት ወጣ። እዚሁ ደቡብ ባደን ውስጥ ከአንዳንድ እርሻ የተወሰደውን ትል ለመግደል ከድሮው ከ1,000 እጥፍ የበለጠ ቫይረስ ይፈልግ ነበር።

ለምን? የሚሸጡት ምርቶች ስማቸው ይለያይ እንጂ ቫይረሱ አንድ ነበር። በ1963 ሜክሲኮ፣ ቺዋዋ ግዛት ውስጥ ከታመሙ ትሎች የተገኘው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዮሺኖሪ ታናዳ ነው በ1964 የገለጸው። ዓለም ሁሉ ከዚያች አንዲት ምንጭ ነበር የሚቀዳው።

የዘሩ ነገር ደግሞ ይገርማል። በ2007 እንደታወቀው መቋቋሙ ዜድ በሚባለው የጾታ ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው። የእሳት እራት ላይ ነገሩ ከሰው ይገለበጣል፤ አንድ ዜድ ብቻ ያላት ሴቷ ናት፣ እሱንም ከአባቷ ነው የምትወስደው። ለመቋቋም ደግሞ አንድ ቅጂ ይበቃል። በዚህ ምክንያት እንደ ሰደድ እሳት ነው የተዛመተው። በ2014 ደግሞ ምስጢሩ ቫይረሱ ጋ ተገኘ። ፒኢ38 የሚባል ጅን ላይ፣ የሜክሲኮው ዝርያ 24 የዲኤንኤ ፊደል የምታህል ተደጋጋሚ ጭማሪ አለችው። ትሉን የሚያሸንፉት ሌሎቹ ዝርያዎች ያቺ የላቸውም። ከነሱ አንዱ ከኢራን የተገኘ ነው። አሁን እዚህ የምንረጨው እንደዚያ ያሉትን ነው፣ እያፈራረቅን።

ወንድሜ፣ ያንተ ሁለት ዛፍ ላይ ይሄ ነው የደረሰው እያልኩ አይደለም። በአራት ርጭት ማንም አይላመድም። ግን ሰፈርህ ውስጥ የቆየ ኦርጋኒክ እርሻ ካለ ጠይቅ።

የድሮው መምህር · ማክሰኞ ማታ

ልጆች፣ ጽሑፋችሁን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ገጠር ሳስተምር ተምች መጣ። ጤፉን ሣሩን ሁሉ አጨደው። ልጆቹን ይዘን ወጥተን በእግራችን ረገጥን፣ ቦይ ቆፈርን፣ ምንም አልሆነ። ሕዝቡ እግዚኦ አለ። ከቀናት በኋላ ማሳው ዳር ስንሄድ፣ ተምቹ ሣሩ ጫፍ ላይ ወጥቶ በኋላ እግሩ እንደያዘ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሞቷል። ጠቁሮ። አንዱን በእንጨት ስነካው ፈረጠና ጥቁር ውሃ ወጣው፤ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጸሎታችን ተሰማ አልን። ይሄ ይሆን የምትሉት?

አባ ጨንጓሬ · ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ የነገሩን ምልክት መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ራሱ ነው። የተምች ቫይረስ ነው የሚያደርገው እንዲህ። የአፕሉ ትል ቫይረስ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ የተምቹ አንዱ ቅንጣት ውስጥ ብዙ ቫይረስ ይታጨቃል፣ የአፕሉ ግን አንድ ብቻ ነው።

ጫፍ ላይ መውጣቱም እንዲሁ የሆነ ነገር አይደለም። በ2011 አሜሪካ ውስጥ በሌላ የእሳት እራት ላይ በተሠራ ጥናት፣ ቫይረሱ ትሉን ወደ ላይ የሚያስወጣበት አንድ ጅን ተገኝቷል። ከላይ ሆኖ ሲፈርጥ ፈሳሹ ታች ያለው ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል፤ ሌሎቹ ይበሉታል። ታንዛኒያ ውስጥ በተምቹ ቫይረስ ርጭት ተሞክሯል። የሞተውን ትል ሰብስቦ፣ ፈጭቶ፣ አጣርቶ መልሶ መርጨት ነው። ቫይረሱን በብዛት ለማግኘት ሕይወት ያለው ትል ግድ ነው። ፋብሪካዎቹም እስካሁን ትል እያረቡ፣ እያሳመሙ ነው የሚያመርቱት። የጠርሙሷ ዋጋ ከዚያ ይመጣል፣ የጓሮ ገበሬ።

የድሮው መምህር · ማክሰኞ ማታ

ይበል። ገና ሳስተምር ባውቀው ኖሮ ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር። አሁን ዕድሜዬ ሰማንያ ነው።

ጽጌ · ረቡዕ ጠዋት

እኔ ባቱ አካባቢ የጽጌረዳ እርሻ ላይ ነኝ። የእናንተ ኮድሊንግ ሞዝ "ሐሰተኛ" የምትባል አፍሪካዊ አቻ አላት፤ እኛ ኤፍሲኤም ነው የምንላት። ብርቱካን፣ ቃሪያ፣ አቮካዶ፣ ጽጌረዳ፣ ያገኘችውን ትበላለች። እምቡጡ ውስጥ ስትገባ ከውጭ ምንም አይታይም። ጠዋት ጠዋት እምቡጥ እየከፈትን የምንፈልጋት እሷን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ጽጌረዳ ላይ ያለውን ደንብ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ አጥብቋል። አንዲት ትል እዚያ ከተገኘች ጭነቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ለእሷም የራሷ ቫይረስ አላት። ደቡብ አፍሪካ የብርቱካን ገበሬዎች ከ2004 ጀምሮ ገበያ ላይ አላቸው። ብርቱካን ግን ዛፍ ላይ ለወራት የሚቆይ ነው፤ የተወሰነው ቢበላ ቀሪው ይሸጣል። አበባ ላይ ይሄ የለም። ከመቶ ዘጠናው ቢሞት ደስ ይበላችሁ የሚለው ነገር እኛ ጋ አይሠራም፤ የተረፈችው አንዷ ናት የምታስከስሰን። ቫይረሱ ያግዛል፣ ብቻውን ግን አያድነንም። ወጥመድ፣ የተበላ እምቡጥ ለቅሞ ማስወገድ፣ መረብ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው።

ሰላም ነው · ረቡዕ ከሰዓት

ለሁለት ዛፍ ይህን ያህል ጣጣ? ፍሬዎቹን ስስ ስቶኪንግ አልብሳቸው። ጎረቤቴ ፈረንጁ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ዛፉ የሙሽራ እግር ይመስላል።

ጨንቻዊ · ረቡዕ ከሰዓት

ጨንቻ አፕል ያለው ዘመድ አለኝ፣ ትል አስቸግሮታል። ይሄን ቫይረስ ልላክለት?

አባ ጨንጓሬ · ረቡዕ ማታ

ቆይ፣ ቆይ። ቫይረሱ የሚገድለው አንድ ዓይነት ትል ነው። መጀመሪያ ትሉ ማን እንደሆነ ይታወቅ። ዘመድህ ትሉን ከነፍሬው በቅርብ ፎቶ ያንሳው፣ ወረዳው ያለውን የግብርና ባለሙያም ያሳይ። ሕይወት ያለው ነገር በሻንጣ መላክ ደግሞ ሌላ ችግር ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል።

ይህን ስጽፍ ነው ለጓሮ ገበሬም ያልጠየቅኩት ነገር ትዝ ያለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ርጭት ሳወራ ትሉን አላየሁም! ወንድሜ፣ አንድ ሠላሳ ፍሬ ልቀምና ቁረጥ። ትሉ ቡናማ ጭንቅላትና እግር አለው? ዘሩን በልቷል? ወይስ ጭንቅላትም እግርም የሌለው ነጭ ነገር ሆኖ ሥጋው ውስጥ ጠመዝማዛ ቡናማ መንገድ ትቷል?

የጓሮ ገበሬ · ሐሙስ ማታ

ቆረጥኩ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ልጄ ደብተር ይዛ እየመዘገበች። ሠላሳ ፍሬ።

ንጹሕ፦ 11
ቆዳው ላይ ትንሽ የደረቀች ጠባሳ፣ ውስጡ ምንም የለም፦ 7
ዘሩ ድረስ የተበላ፣ ቡናማ ጭንቅላት ያለው ሮዝ ትል ወይም ቆሻሻው፦ 4
ጠመዝማዛ ቡናማ መንገድ፣ ጭንቅላት የሌለው ነጭ፦ 8

ባለቤቴ የመጨረሻውን አይታ "ይሄ የሥጋ ትል ነው የሚመስለው" አለች።

አባ ጨንጓሬ · ሐሙስ ሌሊት

ባለቤትህ ከእኔ ቀድማ አወቀች። የዝንብ ትል ነው። አፕል ማጎት ይባላል። የእሳት እራት ስላልሆነ ቫይረሱ እሱን አያውቀውም። ጠርሙሱን ሙሉ ብትደፋበት ይጠጣውና ይቀጥላል። ዝንቡ ጁላይ አካባቢ ከአፈር ይወጣል፤ ቆዳውን ወግቶ እንቁላሉን ውስጥ ነው የሚጥለው።

አሁን ቁጥርህን እንደገና እየው። ሰባቱ ጠባሳ ያለባቸው ላይ አንዲት ትል ቆዳውን ነክሳ ሞታለች። ያ አብዛኛውን ጊዜ የቫይረሱ ሥራ ነው። ቫይረስ ወዲያው አይገድልም፣ አንድ ሁለት ጉርሻ ትቀምሳለች። ለገበያ ቢሆን ጠባሳው ያስጥለዋል፤ ለአንተ ግን ይላጥና ይበላል። አራቱ ናቸው ያመለጡህ። በቀትር ረጭተህም ይህን ያህል አገኘህ። አልተበላህም።

ለዝንቡ ደግሞ ሰላም ነው ያለው ስቶኪንግ በጣም ጥሩ ነው፤ ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ ይልበስ። ለኮድሊንግ ሞዝ ግን ብዙ አያስጥልም፣ ስለዚህ ሁለቱንም። የወደቀውን ፍሬ ዛፉ ሥር አትተው፤ ማጎቱ ከዚያ ወጥቶ አፈር ውስጥ ነው የሚከርመው።

አንድ ነገር ደግሞ። ወደ ያኪማ ስትመጣ በአይ-90 መንገድ ዳር ያለውን ምልክት አይተኸው ታውቃለህ? የጓሮ ፍሬ ይዛችሁ አትለፉ የሚለውን? ስለዚሁ ዝንብ ነው። ብትጠይቀኝ እጅህን ብቻ ይዘህ ና።

ማር ወለላ · ዓርብ ጠዋት

ቫይረሱን ፎግሬው ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ በሉት።

እናት ዓለም · ዓርብ ጠዋት

አባ ጨንጓሬ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የተረፈው ጠርሙስ ለከርሞ ይቆያል?

አባ ጨንጓሬ · ዓርብ ማታ

ፍሪጅ ውስጥ ተዘግቶ ከቆየ አዎ፣ ላዩ ላይ ያለውን ቀን እያየሽ። ሙቀት ነው የሚያበላሸው። ጋራዥ ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ የከረመ ከሆነ አትልፊበት።

የጓሮ ገበሬ · ዓርብ ማታ

ወጥመዱን ዛሬ አዘዝኩ፣ ለፀደይ። ስቶኪንጉን ባለቤቴ ታመጣለች። ጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ ይከርማል፣ ግን አዲስ ድንበር ተበጅቶለታል፤ ከታች መሳቢያ፣ በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከቅቤው ሦስት መደርደሪያ ራቅ ብሎ። ላዩ ላይ ልጄ በማርከር "የትል ጉንፋን" ብላ ጽፋበታለች።